የሕዝብ መጻሕፍት ቤትና የሚንቀሳቀስ ሥዕል

የአገር ዕውቀት በአንድ ከተማ ተከማችቶ የቀረ እንደ ሆነ፥ ያገር መባሉ ቀርቶ የዚያ ከተማ ብቻ ይሆናል። መንገድም፥ ትምህርት ቤትም፥ መጻሕፍት ቤትም የሚሠሩት በመካከል ያለው መልካም ነገር እስከ ዳር እንዲደርስ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም ለዚህ ነገር ምስክር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ የማገዶ እንጨት በተቸገሩ ጊዜ፥ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ኋላ ግን ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከመፈታት ስላዳናት፥ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ስፍራ የእመቤታችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሁለቱን ከተሞች ያገናኘው መንገድም በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች ይቈጠራል። መናገሻው ባይዛወርም መንገዱ ጸንቷል። ዛሬ ሊጠየቅ የሚገባው፥ በዚህ መንገድ ከእህልና ከሸቀጥ በቀር ምን ይመላለሳል የሚለው ነው።

ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን አዳራሽ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ፍርሀቱ እያደር ጠፍቶ፥ በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው ፊልም ተሠራ፤ ከዚያም ሚሼል ፓፓታኪስ ስለ ደም መቃባትና ስለ ዕርቅ የሚናገረውን «ጉማ»ን አወጣ። ጉማ በኦሮምኛ የደም ካሣ ማለት መሆኑን የምዕራብ ሸዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ ተሸለመ፤ ስለ ጠለፋ የሚናገረው «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ታየ። በቴሌቪዥንም «ገመና»ና «ሰው ለሰው» ብዙ ቤተ ሰብ ባንድነት አስቀመጡ፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን አብዝቷል።

ነገር ግን በባዕድ ከተማ የተመሰገነው ሥራ በገዛ አገሩ ገጠር ወዴት ይገኛል? ቀድሞ ቪዲዮ ቤት ካሴት ያከራይ ነበር፤ ኋላም ሲዲ መጣ፤ ዛሬ ሰው ፊልም የሚያስጭነው ከሱቅ በፍላሽ ነው። ሱቁ የሚይዘው በዚያ ሳምንት የሚፈለገውን ብቻ ነው። ስለዚህ የቈየው መልካም ሥራ ይረሳል፤ ያለ ፈቃድ በተባዛውም ሠሪው የድካሙን ዋጋ ያጣል።

በብዙ የውጭ አገር ከተሞች የሕዝብ መጻሕፍት ቤት ፊልምንና ተከታታይ ድራማን እንደ መጽሐፍ ያውሳል፤ አዲስ የገባውንም በየጊዜው ዘርዝሮ ለሕዝብ ያስታውቃል። ዩኔስኮም በ1973 ዓ.ም. የሚንቀሳቀስ ሥዕል እንደ ሌላው ቅርስ እንዲጠበቅ ለመንግሥታት ምክር ሰጥቷል። በአገራችን ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ አብርሆትም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ሁለቱም ግን በአዲስ አበባ ናቸው።

የማዋስ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአድባራትና በገዳማት መጽሐፍ በዕቃ ቤት ይጠበቃል፤ የሚወስደው ሰው ይታወቃል፤ በብራናውም ላይ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን የሚያወግዝ ግዝት ይጻፋል። ለፊልም ግን ግዝት ብቻ አይበቃም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ማባዛትንና ማከራየትን ለሥራው ባለቤት የጠበቀ መብት አድርጎታልና፥ መጻሕፍት ቤቱ ከባለቤቱ ጋራ ተዋውሎ፥ ዋጋውን ከፍሎ ሊያገኘው ይገባል።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። የተዋሹ ስም በመዝገብ ይጻፍ፤ የመመለሻው ቀን ይወሰን፤ ተከታታዩ ድራማ አንድ ሰው ሁሉን ወስዶ ሌላውን እንዳያስጠብቅ በክፍል በክፍል ይሰጥ፤ ማሳያ ለሌለው ሰው በዚያው ቤት አንድ ክፍል ይዘጋጅ፤ ለሕፃናት የማይገባው ይለይ። እንደ አዲስ ዓለም ላለች ከተማም የአማርኛውና የኦሮምኛው ጐን ለጐን ሊቀመጥ ይገባል፤ አንዱ ብቻ ቢቀመጥ ከሕዝቡ እኩሌታው ባዕድ ሆኖ ይቀራልና።

መጽሐፍ ሳይሟላ ሲኒማ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ለመጽሐፍ የተመደበውን ገንዘብ ለፊልም ማዋል ስሕተት ነው። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ባነበበው ጊዜ፥ ፊደል ያልቈጠረውም ሰው ታሪኩን ለማወቅ በቃ እንጂ መጽሐፉ አልተናቀም። ስለ ጠለፋ አንድ ፊልም አይተው የሚነጋገሩ ወላጆች፥ ስለ ደም ካሣ ሌላውን አይተው የሚመክሩ ሽማግሌዎች፥ ዳኛና ካህን ብቻቸውን የሚደክሙበትን ሥራ ያግዛሉ።

ፊልም ወደ ከተማው መግባቱን የሚከለክል የለም፤ ገብቷልና። የቀረው ጥያቄ ማን መርጦ ያቅርበው የሚለው ነው። ባለሥልጣኑ በጀቱን፥ ሊቁ ምርጫውን ቸል ቢሉ፥ መራጩ ፍላሽ የሚጭነው ሱቅ ብቻ ይሆናል፤ ልጆችም ያገራቸውን ሥራ ሳያውቁ የባዕዱን ሲያጠኑ ያድጋሉ። ስለዚህ በየከተማው መጻሕፍት ቤት ቢያንስ አንድ መደርደሪያ ለአገር ፊልም ሊከፈት ይገባል።