ሦስት ምስክር፣ አንድ ሟች

ተጫዋቾች አርፒጂ የሚሏቸው ምናባዊ ዓለም ያላቸው ቪዲዮ ጌሞች አንድ የጋራ ሕመም አለባቸው፤ ታሪክ ያበዛሉ። የነገሥታቱ የዘር ሐረግ፣ የሺህ ዓመታት ዘመን ቆጠራ፣ የአማልክቱ ስም ዝርዝር ተጽፎ አንድ ማውጫ ውስጥ ይከማቻል። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ገጽ ያነባል፣ ሁለተኛውን ይዘልላል፣ ሦስተኛው ላይ አይደርስም። ማንበብ ጠልቶ እንዳይመስላችሁ። ሁሉን አዋቂ ነኝ በሚል ድምፅ የተነገረ ታሪክ ምንም የሚጠይቀው ነገር ስለሌለ ነው። አንድ ምናባዊ ዓለም ጥልቀት የሚያገኘው ምስክሮቹ እርስ በርስ ሲጣሉና ጠባቸው ተጫዋቹ በእጁ ከሚሠራው ሥራ ጋር ሲተሳሰር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ቤተስዳ የተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ካወጣው ሞሮዊንድ ከተባለው ጌም የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ጨዋታው የሚሽከረከረው በአንድ ጥንታዊ ሰው አሟሟት ዙሪያ ነው። ኔሬቫር የሕዝቡ መሪና የጦር አለቃ ነበር፤ ከቀይ ተራራው ጦርነት ግን በሕይወት አልተመለሰም። ምን ገደለው? የአገሬው ቤተ መቅደስ በውጊያ በደረሰበት ቁስል ሞተ ብሎ ያስተምራል። በአመዳማው ምድር የሚኖሩት ዘላኖች ደግሞ አማካሪዎቹ ከድተው ገደሉት፣ ኋላም በማይገባ ኃይል ራሳቸውን አማልክት አደረጉ ብለው ለልጆቻቸው ይተርካሉ። የጨዋታው ባላጋራ ዳጎዝ ኡርም የራሱ ቃል አለው፤ የተሰጠውን አደራ ሲጠብቅ በገዛ ጌታው በኔሬቫር እንደተመታ ይናገራል።

ከእነዚህ መካከል ያለ ጥቅም የሚመሰክር የለም። ቤተ መቅደሱ የሚሰግድላቸው ሦስቱ አማልክት፣ አልማሌክሲያ፣ ሶታ ሲልና ቪቬክ፣ ያኔ የሟቹ አማካሪዎች የነበሩት ራሳቸው ናቸው። ዘላኖቹ እውነት ተናግረው ከሆነ አገሬው የሚያመልከው ነፍሰ ገዳዮችን ነው። ዘላኖቹም ቢሆኑ የተገፉና የተናቁ ናቸውና ከሳሽነቱ ይጠቅማቸዋል። ብዙ ጸሐፊዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። የተቀደደ ብራናና ፊቱ የተፋቀ ሐውልት በየቦታው መበተን ማንንም አያቅትም። ማን እንደቀደደው፣ ቀድዶስ ምን እንዳተረፈ ካልታሰበበት ግን ተጫዋቹ የሚያገኘው ጭጋግ ብቻ ነው።

ታሪኩ የሰፈረው በየመደርደሪያው በሚገኙ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ተጫዋቹ ላያነባቸውም ይችላል። ሠሪዎቹ ለዚህም መላ አላጡም። አንዳንዶቹ መጻሕፍት በተከፈቱ ጊዜ የተጫዋቹን አንድ ክህሎት በአንድ ነጥብ ያሳድጋሉ፤ ለነጥቡ ብሎ የገለጠ ሰው ታሪኩ ይዞት ይቀራል።

ይሁንና ክርክሩ ተጫዋቹን ራሱን ባይነካው ኖሮ ይህ ሁሉ ጌጥ ሆኖ በቀረ ነበር። ተጫዋቹ ጨዋታውን የሚጀምረው ከእስር እንደተፈታ ሰው ሆኖ ነው። ባልሞራ ከተማ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ ሰላይ፣ ካየስ ኮሳዴስ፣ ኔሬቫር ዳግም ይወለዳል የሚል ትንቢት እንዳለና ተጫዋቹም ለትንቢቱ እንደታጨ ይነግረዋል። ታዲያ ይህ ሰው በእርግጥ የተመለሰው ኔሬቫር ነው? ወይስ ቤተ መንግሥቱ ለጥቅሙ ያሰማራው ሰው? ጨዋታው በአንድ ዋሻ ውስጥ ከሱ በፊት ሞክረው የወደቁ ሰዎችን መናፍስት ያቆምለትና ያነጋግሩታል። እነሱም በዚያው ትንቢት መንገድ የሄዱ ነበሩ። በጌም ታሪክ ከዚህ የበለጠ ደፋር ትዕይንት መኖሩን እጠራጠራለሁ። በመጨረሻ ተጫዋቹ ቪቬክ ፊት ሲቆም ሊተባበረውም ሊገድለውም ይችላል። ያመነውን ምስክር የሚገልጸው በዚያ ነው፤ ጨዋታው ግን ማን እውነቱን እንደተናገረ አይፈርድለትም።

በ2011 የወጣው ዳርክ ሶልስ ይህንኑ በጥቂት ቃል ይሠራዋል። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ በልጅነቱ በቅጡ የማይገቡትን የእንግሊዝኛ ምናባዊ መጻሕፍት እያነበበ ያልገባውን በራሱ ሐሳብ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል። ጨዋታውም ተጫዋቹን እንዲሁ ያደርገዋል፤ ታሪኩን ከቀለበትና ከጦር መሣሪያ መግለጫዎች መልቀም አለበት። በአማልክቱ ከተማ በአኖር ሎንዶ ፀሐይ ታበራለች፤ ግዊኔቪር የምትባል ልዕልት ተጫዋቹን በደግነት ተቀብላ መንገዱን ታሳየዋለች። ተጠራጥሮ ቀስት ቢወረውርባት ግን ልዕልቲቱ ትጠፋለች፣ ፀሐይዋም ትጠፋለች፣ ከተማዋ በጨለማ ትዋጣለች። ሁለቱም ምትሃት ነበሩ። ወርውር ብሎ የሚያዝዘው ተልእኮ የለም፤ ያልጠረጠረ ሰው በሐሰት ፀሐይ ሥር መመላለሱን ሳያውቅ ጨዋታውን ሊጨርስ ይችላል።

እንዲህ ያለው አሠራር ለሰነፍ ጸሐፊ መሸሸጊያ ይሆናል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ስጋታቸው ትክክል ነው። መልሱን ራሱ ያላሰበበት ደራሲ እንቆቅልሽ ነው ብሎ ማምለጥ ይችላል። ስለዚህ ታሪኩን ከመበተን በፊት ሙሉውን ማወቅ ያስፈልጋል። ለ2022ቱ ኤልደን ሪንግ ደራሲው ጆርጅ አር አር ማርቲን የጻፈው ተጫዋቹ ከሚገባበት ዘመን በፊት የሆነውን ነው፤ ሚያዛኪና ባልደረቦቹም ጨዋታውን ያ ዘመን ጥሎት ባለፈው ፍርስራሽ ላይ ሠሩት። ስብርባሪው አንድ ላይ የሚገጥመው መጀመሪያ ሙሉ ነገር ስለነበረ ነው።

የራሳችሁን ጌም ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች፣ የነገሥታቱን ዝርዝር ለጊዜው አቆዩት። አንድ ሟችና በአሟሟቱ የማይስማሙ ሦስት ምስክሮችን ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ምስክር እውነቱ ቢወጣ የሚያጣውን ነገር ስጡት፤ ተጫዋቹም ማንን እንዳመነ በእጁ የሚያሳይበትን ቦታ አዘጋጁለት።