ተመልካች ባልነበረበት ዘመን፦ የአጽናፈ ዓለም ያልተመለሰ ጥያቄ

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የካናዳ የንድፈ ሐሳብ አስትሮፊዚክስ ተቋም፣ ከቢግ ባንግ የተረፈውን ጥንታዊ ጨረር በማጥናት የታወቀ ነው። የተቋሙ ሊቅ ሪቻርድ ቦንድ ከብሪታኒያዊው ጆርጅ ኤፍስታቲዩ ጋር፣ በዚህ ጨረር ላይ ሊኖር የሚገባውን የሙቀት ልዩነት ገና በመሣሪያ ሳይታይ በስሌት ካሳዩት መካከል ናቸው። ሁለቱ ሊቃውንት በ2025 የሻው ሽልማትን ተጋርተዋል። ልዩነቱ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ቢሆንም፣ ጋላክሲዎችና ከዋክብት የበቀሉት ከዚሁ ዘር ነው።

ዘሩስ ከየት መጣ? በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው መልስ፣ አጽናፈ ዓለም በመጀመሪያዋ ቅጽበት ኢንፍሌሽን በተባለ እጅግ ፈጣን መስፋፋት ሲያልፍ ጥቃቅን የኳንተም መዋዠቆች ተለጥጠው የቁስ መሰባሰቢያ ሆኑ የሚል ነው። ስሌቱ ከፕላንክ ሳተላይት ምልከታ ጋር በሚገባ ይገጥማል። ይሁን እንጂ የኳንተሙ መነሻ ሁኔታ በየትኛውም ቦታና አቅጣጫ አንድ ወጥ ነበር፤ መደበኛው እኩልታም ይህን ወጥነት አያፈርስም። በቤተ ሙከራ ከብዙ ዕድሎች አንዱ የሚለየው በልኬት ነው ይባላል። ያን ጊዜ ግን መለኪያም ለኪም አልነበረም።

ብዙዎች ዕድሎቹ ከአካባቢያቸው ጋር ተነካክተው እርስ በርስ መደባለቃቸውን ያቆማሉ በማለት ጉዳዩን ይዘጉታል። ይህ ጠቃሚ ማብራሪያ ነው፤ ነገር ግን ከዕድሎቹ አንዱ ብቻ እውን የሆነበትን ምክንያት አይነግርም።

በ1986 ጊራርዲ፣ ሪሚኒና ዌበር የኳንተም ሞገድ ያለ ተመልካች በራሱ ይሰበሰባል የሚል ሞዴል አቀረቡ። በ2006 ደግሞ ፔሬዝ፣ ሳልማንና ሱዳርስኪ የመሰብሰብን ሐሳብ ወደ ኢንፍሌሽን ወሰዱት። የሐሳቡ ትልቁ ብርታት ራሱን ለፈተና ማቅረቡ ነው። በ2020 ማርታንና ቬናን ባወጡት ስሌት የታወቀው የሞዴሉ ዓይነት ከጥንታዊው ጨረር ጋር እንደሚጋጭ አመለከቱ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ውጤቱ በመጀመሪያው ዘመን የሚሰበሰበው ነገር ምን እንደሆነ በሚወሰደው ግምት ላይ የተንጠለጠለ ነው ሲሉ ሞገቱ።

ክርክሩ አልተቋጨም። ሞዴሉ በመጨረሻ ቢወድቅ እንኳ፣ ለፈላስፎች ብቻ ተትቶ የነበረውን ጥያቄ ሰማይ እንዲመሰክርበት ማድረጉ ትርፍ ነው። ስሌት መግጠሙ ብቻውን መረዳት አይደለምና፣ ያን ብርሃን የሚያነቡ ተቋማት ይህን ጥያቄ ከዳር ሊያቆሙት አይገባም።