ያመመው ቤቱ ይዋል

በየቢሯችን አንድ ሸክም ያለ ቦታው ተጭኗል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሥራ ይገባል፤ የምትሸሸው ግን ነፍሰ ጡሯ ናት። ወንበሯን የምታርቀው እሷ፣ መስኮት ይከፈትልኝ ብላ የምትለማመጠው እሷ፣ “ምነው ተጠየፈችን?” ተብላ የምትታማውም እሷ። ይህ መገልበጥ አለበት።

የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ሳለሁ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተፋፍገን ነበር የምንሠራው። ክረምት ነው፤ “ንፋስ ይመታናል” እየተባለ መስኮቱ ከሰኔ ጀምሮ ተዘግቷል። አንድ ቀን ጠዋት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ የሒሳብ ሠራተኛ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ መሐረባቸውን ጨብጠው ገቡ። እንደ ልማዳቸው ሊስሙኝ ጎንበስ ሲሉ፣ “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬስ ከሩቅ ሰላም እንባባል” አልኳቸው። ቅር አላላቸውም። “ልክ ነሽ ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ” ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ግን ሲያስሉ ዋሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ለምን ቤታቸው እንዳላረፉ ብጠይቃቸው፣ “ለጉንፋን ብዬ ካርድ አውጥቼ፣ ተሰልፌ ወረቀት ላምጣ? ካላመጣሁ ደግሞ ከዓመት ፈቃዴ ሊቆርጡብኝ ነው” አሉኝ።

እሳቸውን መውቀስ አልችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ተከታዮቹን ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ይፈቅድለታል። ፈቃዱ የሚገኘው ግን የሐኪም ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ለከባድ ሕመም ይህ ተገቢ ነው። ለሁለትና ለሦስት ቀን ትኩሳት ግን ሰውየው መኝታው ላይ መሆን ሲገባው ወረቀት ፍለጋ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይይዛል፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ለእርግዝና ክትትል የመጡ እናቶች ተቀምጠዋል። ወረቀቱን መፈለግ የሰለቸው ሥራ ይገባል። አለቃውም፣ “እሱ እኮ አሞትም አይቀርም” እያለ ያመሰግነዋል። በሽታውን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚያዞረው ይህ ምስጋና ጭምር ነው።

“ጉንፋን ማንን ገደለ?” የሚል መልስ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ተራው ጉንፋን እውነትም ለአብዛኛው ሰው ቀላል ነው። ቢሮ የገባው ሳል ግን ተራ ጉንፋን ይሁን ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ በዓይን አይለይም። የነፍሰ ጡር ሰውነት ደግሞ ሌላ ነው። ማህፀኗ እያደገ ሲሄድ ሳንባዋን ከሥር ይገፋዋል፤ ልቧ ከወትሮው በላይ ይሠራል፤ የመከላከል አቅሟም ፅንሱን አቅፎ ለመያዝ ራሱን ይለውጣል። ስለዚህ ሌላውን ጥቂት ቀን አስተኝቶ የሚለቀው ኢንፍሉዌንዛ እሷን ለሳንባ ምች ሊዳርጋት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሁሉ ቀድሞ ለነፍሰ ጡሮች እንዲሰጥ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ክትባቱ እንደ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት በየጤና ጣቢያው ለእርጉዞች የሚሰጥ አይደለም፤ የቀረን መከላከያ ርቀት፣ ንጹሕ አየርና የባልደረባ አስተዋይነት ነው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጨረሰው የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሞቱ የብዙ አገር መዛግብት ይመሰክራሉ። ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ እናቃጥላለን፤ እነዚያን እናቶች ግን ማን ያነሳቸዋል?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡኝ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። የፅንሱ የአንጎልና የአከርካሪ መሠረት የሚጣለው ብዙ ጊዜ እናትየዋ መፀነሷን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚነሳ ኃይለኛ ትኩሳት ለፅንሱ አደጋ አለው። ሩቤላ የሚባለውን በሽታ ውሰዱ። አዋቂን ቀለል ያለ ትኩሳትና ሽፍታ አሳይቶት ያልፋል። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ክትባት ያልወሰደችን ሴት ከያዘ ግን ፅንሱ ሊጨናገፍ፣ ሕፃኑም መስማት ተስኖት፣ ዓይኑ ተጎድቶ ወይም ልቡ ታሞ ሊወለድ ይችላል። የያዘው ሰው ደግሞ ሽፍታው ሳይወጣበት በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል።

እነዚህ ወራት በእኛ ዘንድ የሚደበቁ ናቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ እርግዝና አይወራም። አንዷ ዓይን ትፈራለች፤ ሌላዋ “ቢወርድብኝስ?” ትላለች፤ ኮንትራቷ እንዳይቋረጥ የምትደብቅም አለች። አቅለሽልሿት መጸዳጃ ቤት ስትመላለስ “ጨጓራዬ ነው” ትላለች። አጠገቧ የሚያስለውን ሰው “እባክህ ራቅ በልልኝ” ብትለው ምስጢሯ ይወጣል፤ ዝም ብትል ትታመማለች። “እርጉዝ መሆኗን ብትነግረኝ እጠነቀቅ ነበር” የሚሉ ደግ ባልደረቦች አሉ። ደግነታቸውን አልጠራጠርም። ግን ጥንቃቄው ሆዷ ሲገፋ የሚጀመር ከሆነ ዘግይቷል። ስለዚህ ሥርዓቱ እርጉዝ ኖረችም አልኖረች ለሁሉም አንድ መሆን አለበት። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ስኳር ያለበት፣ ቤቱ አራስ የሚጠብቀውም በዚያው ክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ እነሱም ሕመማቸውን አውጀው አይቀመጡም።

ቅርበታችንን የምንገልጸው በመጠጋት መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ሦስቴ እንሳሳማለን፣ ምሳ ዕቃ ከፍተን አብረን እንቆርሳለን፣ እንጎራረሳለን። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ያመመው ሰው ለጥቂት ቀን ቢተወው አይሞትም። ሌላም ነገር ልጨምር። ነፍሰ ጡር ስታስነጥስ ጤና አዳም ጨምቀን አናጠጣት። ጤና አዳም ማህፀን ያነቃቃል፤ ለእርጉዝ አይመከርም። ትኩሳት ከያዛት መሄድ ያለባት ሐኪም ዘንድ ነው፤ ከፋርማሲ በግምት የሚገዛ መድኃኒትም ይቅርባት።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ደግሞ የቢሮ ጨዋነት ብቻ የሚፈታው አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። በመንግሥት ጤና ተቋማት ሕክምናው በነፃ ነው። ያንን ባልደረባ ለብቻ ጠርቶ “ወንድሜ፣ ይህ ሳል ሰነበተ፣ ተመርመር” ማለት ከማማት ይሻላል።

አለቆች ሆይ፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሕመም የሐኪም ወረቀት አትጠይቁ። አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን መብት ነው፤ ከዚያ የተሻለ በድርጅታችሁ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት መፍቀድ ትችላላችሁ። በስልክና በኮምፒውተር የሚያልቅ ሥራ ካለ ቤት ሆኖ ይሠራ። የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዎች ደግሞ አንቀጽ 87ን እና 88ን ለሴቶች ሠራተኞች አንብቡላቸው። ሥራዋ ለጤንነቷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ያረጋገጠላት ነፍሰ ጡር ወደ ሌላ ቦታ የመዛወር መብት አላት፤ ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበትም ሰዓት ከክፍያ ጋር ነው። ይህን መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ነገ ጠዋት ትኩሳትና ሳል ይዞዎት ከተነሱ ለአለቃዎ ይደውሉና ቤትዎ ይዋሉ። መቅረት ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ ማስክ ያድርጉ፣ የተከፈተ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፣ ማንንም አይሳሙ።