በሰሙ ላይ ቆሞ መሣቅ

«ይኼ ደግሞ ሥነ ጥበብ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ አለችን። ጥያቄ ትመስላለች እንጂ ፍርድ ናት፤ መልስ ሳትጠብቅ በሩን ዘግታ ትሄዳለች።

መስከረም 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ቶሮንቶ ነበርኩ። ፓሪስ በ1995 ዓ.ም. የጀመረችው፣ ከተማው ሌሊቱን ሙሉ ኪነ ጥበብ ሲያይ የሚያነጋበት «ኑዊ ብላንሽ» የተባለ በዓል ነው። በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ቻይናዊው አይ ዌይዌይ 3,144 ብስክሌቶች አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሮ አቁሟል። አብረውኝ የነበሩት ያገሬ ልጆች ሣቁ። «የማይነዳ ብስክሌት ምን ይሠራል? ለአማኑኤል ልጆች በሰጡልን!»

እኔም የአማኑኤል ልጅ ነኝና ቀልዱ ይገባኛል። ብስክሌት በሰዓት ተከራይተን፣ ሰዓቱ እንዳይሞላብን እየተሳቀቅን ነው የነዳነው። ፍርዱን ግን አልቀበልም። የቅኔ አገር ሰው፣ ያውም ጎጃሜ፣ ሰሙን ብቻ አይቶ ሲመለስ ያሳፍራል።

ወርቁ ሩቅ አልነበረም። የሥራው ስም የተወሰደው የቻይናን ሕዝብ ለዘመናት ካመላለሰ የብስክሌት ምልክት ነው፤ ትርጉሙም «ዘላለም» ነው። ሠዓሊው ግን በዚያ ሌሊት ቶሮንቶ አልነበረም። መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. ፓስፖርቱን ነጥቆት ነበር፤ የመለሰለትም በሐምሌ 2007 ነው። እርግጥ ብስክሌት መደርደር የጀመረው ከእገዳው በፊት ነው። ቢሆንም በሺህ የሚቆጠር ጎማ ቆሞ፣ ባለቤቱም ካገሩ እንዳይወጣ ታግዶ ሲታይ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረን?

ይህ ሣቅ ዋጋ አስከፍሎናል። በ1950ዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕሉን ሲያሳይ «የፈረንጅ ነው፣ የኛ አይደለም» የተባለው በዚሁ አንደበት ነው። በ1973 ዓ.ም. በስደት ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ሙዚየም አለ፤ ከሞተ በኋላ ማክበር ደግሞ እናውቅበታለን!

ይህን ስል ጆንያ አንጠልጥሎ፣ ማንም የማይገባው ጽሑፍ ከጎኑ ለጥፎ፣ ግራ የተጋባውን ተመልካች «ኋላ ቀር» ለሚለው ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ወርቅ የሌለው ሰም ሰም ነው።

የኔታን እንምሰል። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለነገራ ሲቀርብ ገና ሳይጨርስ አይሥቁበትም፤ ስላልገባቸውም አያጨበጭቡለትም። አዳምጠው ወርቁን ይፈልጋሉ። ካለ ይቀበላሉ፣ ከሌለ ይጥሉበታል። ሠዓሊዎቻችንም ከእኛ የሚገባቸው ይኸው ነው፦ ሰምተን እንፍረድ።