ተጠያቂነትን የጠየቁ ወገኖች ሲጠየቁ፤ የአሜሪካ የፀረ ጦርነት እጩዎች ደጋፊዎችና የፖለቲካ ጦማሪያን ልምድ

የአሜሪካ ሴኔት እ.ኤ.አ ኦክቶበር 11 ቀን 2002 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኢራቅ ላይ የጦር ኃይል እንዲጠቀሙ የሚፈቅደውን የውሳኔ ሐሳብ በ77 ድጋፍና በ23 ተቃውሞ አጽድቋል። የእንደራሴዎች ምክር ቤትም በዋዜማው ይህንኑ የውሳኔ ሐሳብ በ296 ድጋፍና በ133 ተቃውሞ አሳልፎት ነበር። በወቅቱ በሴኔቱ ከነበሩት 50 የዴሞክራቲክ ፓርቲ አባላት መካከል 29ኙ የድጋፍ ድምፅ የሰጡ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ ጆን ኬሪ፣ ጆን ኤድዋርድስ፣ ጆሴፍ ሊበርማንና ሂላሪ ክሊንተን ይገኙበታል።

ይህ ድምፅ በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት በፓርቲው ውስጥ የእጩዎች መመዘኛ ሆኖ አገልግሏል። ጦርነቱን የተቃወሙ የፓርቲው ተራ አባላትና ደጋፊዎች መሪዎቻቸው ለሰጡት ድምፅ መልስ እንዲሰጡ መጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄያቸውንም በዋነኛነት ያስተጋቡላቸው በኢንተርኔት የግል ገጽ ከፍተው የፖለቲካ አስተያየት የሚያሰፍሩ ጦማሪያን (ብሎገሮች) ነበሩ። ይሁንና እንቅስቃሴው እየጎለበተ ሲሄድ ሁለት ጥያቄዎች ወደ ራሱ ተመልሰው መጡ። አንደኛው የደጋፊው ታማኝነት ለዓላማው ነው ወይስ ለግለሰቡ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሌሎችን ተጠያቂ የሚያደርገው ጸሐፊ እርሱ ራሱ ለማን ተጠያቂ ነው የሚለው ነው።

በአሜሪካ ፖለቲካ ጦርነትን በመቃወም የተነሳ እጩ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሲገፋ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1968 የሚኒሶታው ሴናተር ዩጂን ማካርቲ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ከራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት ከሊንደን ጆንሰን ጋር በተወዳደሩበት ወቅት፣ በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፀጉራቸውን ተቆርጠውና ፂማቸውን ተላጭተው በኒው ሃምፕሻየር ቤት ለቤት ቀስቅሰዋል። ማካርቲ በማርች 12 ቀን በተካሄደው ቅድመ ምርጫ 42 በመቶ የሚሆነውን ድምፅ አገኙ። ፕሬዚዳንት ጆንሰንም 49 በመቶ አግኝተው ቢያሸንፉም፣ በዚያው ወር መጨረሻ ለቀጣዩ የሥልጣን ዘመን እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ከአራት ዓመት በኋላ የፀረ ጦርነቱ እጩ ጆርጅ ማክገቨርን የፓርቲያቸውን ውክልና ቢያገኙም በአጠቃላይ ምርጫው በ49 ክፍላተ ሀገር ተሸንፈዋል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የደጋፊ ትጋት የፓርቲን አቅጣጫ ማስለወጥ ይችላል፤ የአብዛኛውን መራጭ ድምፅ ለማግኘት ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የሃዋርድ ዲን ዘመቻ

የቀድሞው የቬርሞንት ገዥ ሃዋርድ ዲን እ.ኤ.አ በ2003 የኢራቅን ጦርነት በግልጽ በመቃወም ለፕሬዚዳንታዊ እጩነት ሲቀርቡ በአገር አቀፍ ደረጃ እምብዛም አይታወቁም ነበር። ደጋፊዎቻቸው በኢንተርኔት ቀጠሮ እየያዙ በየከተማው በሚገኙ ቡና ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት መሰብሰብ የጀመሩ ሲሆን፣ ቁጥራቸውም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ደርሷል። ዘመቻው በ2003 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ብቻ 14 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዶላር የሰበሰበ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከፍተኛው ድርሻ የመጣው ከበርካታ ሰዎች አነስተኛ መዋጮ ነው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ዘመቻው የመንግሥትን የምርጫ ድጎማና ከዚሁ ጋር የሚመጣውን የወጪ ገደብ ይቀበል ወይስ አይቀበል የሚለውን ጥያቄ ለደጋፊዎቹ ድምፅ አቀረበ። አብዛኞቹ ድጎማው ይቅር በማለታቸው ውሳኔው ተግባራዊ ሆኗል። መዋጮ የሚሰጠው ደጋፊ በውሳኔው ላይ ድምፅ እንዲኖረው መደረጉ ታማኝነት በሁለቱም ወገን ግዴታ የሚያስከትል መሆኑን ያሳየ እርምጃ ነበር።

ይሁን እንጂ ጃንዋሪ 19 ቀን 2004 በአዮዋ በተካሄደው የፓርቲ ምርጫ ኬሪ 38 በመቶ፣ ኤድዋርድስ 32 በመቶ ሲያገኙ ዲን በ18 በመቶ ሦስተኛ ሆኑ። በምርጫው ስብሰባ ከተገኙት መካከል አብዛኞቹ ጦርነቱን የሚቃወሙ ነበሩ፤ ሆኖም ከእነዚህም ውስጥ ኬሪን የመረጡት ዲንን ከመረጡት ይበልጡ ነበር። ለብዙዎቹ መራጮች ፕሬዚዳንት ቡሽን ማሸነፍ የሚችል እጩ መገኘቱ ከእጩው የጦርነት አቋም ይልቅ ሚዛን ደፍቷል። ከሌላ ክፍለ ሀገር ብርቱካናማ ቆብ ለብሰው የመጡት በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችም ትጋታቸው ባይካድም፣ የአካባቢውን መራጭ ልብ ለማግኘት አልቻሉም።

በዚሁ ምርጫ ዋዜማ ሌላ ትኩረት የሚስብ ክስተት ተፈጽሟል። ከማንም በላይ ጠንካራ የፀረ ጦርነት አቋም የነበራቸው የኦሃዮው እንደራሴ ዴኒስ ኩሲኒች፣ ደጋፊዎቻቸው በቂ ቁጥር በማያገኙባቸው ጣቢያዎች ድምፃቸውን ለኤድዋርድስ እንዲሰጡ ጠየቁ። ኤድዋርድስ ግን ለጦርነቱ ፈቃድ ድምፅ ከሰጡት አንዱ ነበሩ። ደጋፊዎቹ በመሪያቸው ጥያቄና በዓላማቸው መካከል እንዲመርጡ ተገደዋል ማለት ነው። ኤድዋርድስ የሰጡት ድምፅ ስህተት እንደነበር በይፋ ያመኑት ከዚህ በኋላ በኖቬምበር 2005 ነው።

ክፍያውና ጥያቄው

የዲን ዘመቻ ካበቃ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2005፣ ጥያቄው ከእጩዎቹ ወደ ጦማሪያኑ ዞረ። ዘመቻው እ.ኤ.አ በ2003 ማርኮስ ሙሊትሳስና ጄሮም አርምስትሮንግ የተባሉ ሁለት ታዋቂ ጦማሪያንን በቴክኒክ አማካሪነት ቀጥሮ ይከፍላቸው እንደነበር አንዲት የቀድሞ የዘመቻው ባልደረባ በጻፉት አስተያየት አነሱ። ባልደረባዋ ክፍያው የጦማሪያኑን በጎ አስተያየት ለማግኘትም ታስቦ ነበር ሲሉ፣ ሁለቱ ጦማሪያን አስተያየታቸውን አልሸጥንም በማለት አስተባብለዋል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ሰዎች የወሰዱት እርምጃ ሊጤን ይገባዋል። ሙሊትሳስ የዘመቻው ተቀጣሪ መሆናቸውን በገጻቸው ላይ በማስታወቅ መጻፋቸውን የቀጠሉ ሲሆን፣ አርምስትሮንግ ደግሞ በሥራው ላይ በነበሩበት ጊዜ መጻፍ አቁመው ነበር። ክፍያውን የሰማ ሁሉ ምንጩ ተደብቆ ነበር ብሎ ቢያስብም መረጃው አስቀድሞ ለአንባቢ ቀርቧል። ያም ሆኖ ጥያቄው ከነጭራሹ መሠረተ ቢስ አልነበረም። አንባቢው አንድን ጸሐፊ የሚያምነው ከማንም ትእዛዝ የማይቀበል የራሱ ወገን ነው ብሎ ስለሆነ፣ የገንዘብ ግንኙነት በተፈጠረ ጊዜ ማስታወቂያው ሊታይ በሚችል ሥፍራና ግንኙነቱ እስካለ ድረስ መቀመጡ ወሳኝ ይሆናል።

ችግሩ የአንድ ወገን ብቻም አልነበረም። እ.ኤ.አ በ2004 በሳውዝ ዳኮታ በተካሄደው የሴኔት ምርጫ የሪፐብሊካኑ እጩ ጆን ቱን ዘመቻ፣ ተፎካካሪያቸውን ቶም ዳሽልን አጥብቀው ይተቹ ለነበሩ ሁለት ጦማሪያን ክፍያ ይፈጽም ነበር። ክፍያው ዘመቻው ለፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን ባቀረበው የሂሳብ ሪፖርት የተመዘገበ ቢሆንም፣ የጦማሪያኑ አንባቢዎች በአብዛኛው አያውቁትም ነበር። ከዚህ እንደሚታየው በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረ መረጃ አንባቢው ዘንድ ካልደረሰ ግልጽነት ተሟልቷል ለማለት ያዳግታል።

የሕዝብ ገንዘብ ሲሆን

በዚያው በጃንዋሪ 2005 ይፋ የሆነ ሌላ ጉዳይ ነገሩን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አምጥቶታል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በአንድ የሕዝብ ግንኙነት ኩባንያ በኩል ለቴሌቪዥንና ለጋዜጣ ተንታኙ አርምስትሮንግ ዊሊያምስ 240 ሺህ ዶላር ገደማ እንዲከፈል ውል መግባቱ ተጋለጠ። ዊሊያምስ በአንጻሩ የአስተዳደሩን የትምህርት ሕግ በሚያቀርቧቸው ዝግጅቶች ያስተዋውቁ ነበር፤ ተመልካቹና አንባቢው ግን ውሉን አያውቅም። የኮንግረሱ የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ በሴፕቴምበር 2005 ባወጣው ውሳኔ፣ ሚኒስቴሩ ምንጩ ያልተገለጸ ፕሮፓጋንዳ በሕዝብ ገንዘብ በማካሄዱ ሕግ መጣሱን አረጋግጧል።

በሁለቱ ጉዳዮች መካከል ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው። የምርጫ ዘመቻ የሚያወጣው ገንዘብ ደጋፊዎቹ ወደውና ፈቅደው የሰጡት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ግን የደጋፊውም የተቃዋሚውም ግብር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ፖሊሲውን የማስረዳት መብትም ግዴታም አለው፤ ነገር ግን በራሱ ስም ሊናገረው የሚገባውን ገለልተኛ በሚመስል ሰው አንደበት ሲያስነግር፣ ዜጋው የሰማውን መመዘን የሚችልበትን ዕድል ይነፍገዋል። ድርጊቱ በተጋለጠ ጊዜም ጉዳቱ ለተንታኙ ብቻ ሳይሆን ለፖሊሲውም ይተርፋል።

ደንቡ የደፈነውና ያልደፈነው

አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ2004 ኢንተርኔትን ሙሉ በሙሉ ከምርጫ ፋይናንስ ደንብ ውጭ ማድረግ እንደማይቻል በመወሰኑ፣ የፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን ማርች 27 ቀን 2006 አዲስ ደንብ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። ደንቡ በሌሎች ሰዎች ድረ ገጽ ላይ በክፍያ የሚወጡ የፖለቲካ ማስታወቂያዎችን በቁጥጥሩ ሥር ሲያደርግ፣ ግለሰቦች ያለ ክፍያ የሚጽፉትን ነፃ አድርጓል። ከዘመቻ ገንዘብ የሚቀበል ጦማሪ ይህንኑ ለአንባቢው እንዲገልጽ ግን አላስገደደም፤ ክፍያውን የማሳወቅ ኃላፊነት የጣለው በዘመቻው ላይ ነው። የተራውን ዜጋ የመናገር ነፃነት ላለመንካት የተወሰደው ይህ አቋም በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ቢሆንም፣ ቀሪውን ክፍተት ለጸሐፊው ኅሊናና ለአንባቢው ንቃት ትቶታል።

የኮኔክቲከት ፈተና

ደንቡ በወጣ በአምስተኛው ወር የደጋፊዎቹና የጦማሪያኑ ኃይል በኮኔክቲከት ተፈተነ። እ.ኤ.አ በ2000 የምክትል ፕሬዚዳንትነት እጩ የነበሩት ሴናተር ሊበርማን የጦርነቱ ጽኑ ደጋፊ ሆነው በመቀጠላቸው፣ ነጋዴው ኔድ ላሞንት ተፎካካሪ ሆነው ቀረቡ። ኦገስት 8 ቀን 2006 በተካሄደው ቅድመ ምርጫም ላሞንት 52 በመቶ በማግኘት አሸነፉ። ሊበርማን ግን በግል ተወዳዳሪነት ቀርበው በኖቬምበሩ ምርጫ በአብዛኛዎቹ የሪፐብሊካን መራጮችና በከፊል ዴሞክራቶች ድጋፍ መቀመጫቸውን አስጠብቀዋል።

ውድድሩ ከሁለቱም ወገን ኃላፊነት የጎደለው ተግባር ታይቶበታል። ላሞንትን ትደግፍ የነበረች አንዲት ጦማሪ የሊበርማንን ፊት አጥቁሮ የሚያሳይ የተቀነባበረ ምስል በማውጣቷ ከፍተኛ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ ምስሉ ተነስቶ ይቅርታ ቢጠየቅም፣ እጩው ባልሠሩት ሥራ መልስ ለመስጠት ተገደዋል። በሌላ በኩል የሊበርማን ድረ ገጽ በምርጫው ዕለት ሥራ በማቆሙ የዘመቻው ኃላፊዎች የላሞንት ደጋፊዎች ጥቃት ፈጽመውብናል ሲሉ ከሰሱ። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ያካሄደው ምርመራ ግን የጥቃት ማስረጃ እንዳላገኘና ችግሩ የራሱ የዘመቻው የቴክኒክ ጉድለት እንደነበር በ2008 ታውቋል። ክሱ በአንድ ቀን ውስጥ አገር ሲያዳርስ እውነቱ ግን የደረሰው ምርጫው ካለፈ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ደግፎ መጠየቅ

የታማኝነትን ትክክለኛ ትርጉም ከሁሉም በላይ ያሳየው የ2008 ክስተት ነው ለማለት ይቻላል። ባራክ ኦባማ በኦክቶበር 2002 በቺካጎ ባደረጉት ንግግር የኢራቅን ጦርነት በመቃወማቸው የፀረ ጦርነት ወገኖችን ድጋፍ አግኝተው ነበር። ሆኖም በክረምቱ ወቅት የስልክና የኢንተርኔት ክትትልን የሚመለከተውንና በክትትሉ ለተባበሩ የቴሌኮም ኩባንያዎች ከለላ የሚሰጠውን ረቂቅ ሕግ እንደሚደግፉ አስታወቁ። በዚህን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎቻቸው ዘመቻው ራሱ ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ ተሰባስበው አቋማቸውን እንዲለውጡ ጠየቁ። ቡድኑም በአጭር ጊዜ ውስጥ በገጹ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ለመሆን በቃ።

ኦባማ በጁላይ 3 ቀን ምክንያታቸውን በመዘርዘር የጽሑፍ ምላሽ ሰጡ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ሕጉን ደግፈው ድምፃቸውን ሰጡ። ደጋፊዎቹ የጠየቁትን አላገኙም። ነገር ግን እጩው መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው አረጋግጠዋል፤ ዘመቻውም ተቃውሟቸውን ከገጹ አላጠፋም። ደጋፊው ድጋፉን ሳይነሳ፣ እጩውም ጠያቂውን እንደ ከሃዲ ሳይቆጥር ልዩነቱ በአደባባይ መታየቱ በሁለቱ መካከል የነበረው ግንኙነት የጤናማነት ምልክት ነበር።

ከእነዚህ ዓመታት ልምድ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለዓላማ የተሰጠ ታማኝነት መሪው ከዓላማው ሲርቅ የመጠየቅ ግዴታን ይጨምራል፤ ለግለሰብ ብቻ የተሰጠ ታማኝነት ግን ግለሰቡ በሄደበት ሁሉ ይነዳል። ባለሥልጣናት ለሰጡት ድምፅ እንዲጠየቁ የሚጽፍ ሰውም የገንዘቡን ምንጭ ሲጠየቅ ያለ ማንገራገር ማሳየት ይጠበቅበታል። ብሎጎች የነበራቸውን ሥፍራ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች በወሰዱበት በአሁኑ ዘመንም ክፍያው፣ ከፋዩና ጸሐፊው ለአንባቢው እኩል መታወቅ አለባቸው የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነው። በተለይም ከፋዩ የሕዝብን ገንዘብ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት በሚሆንበት ጊዜ ጥያቄው የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ይሆናል። የሕዝብ አመኔታ በስውር ውል የሚገዛ ነገር ባለመሆኑ፣ ሕዝብን የሚያገለግል ወገን ሁሉ ሊናገር የሚሻውን በራሱ ስም መናገሩ፣ ለተናገረውም መልስ ለመስጠት ዝግጁ መሆኑ ተገቢ ነው።