የድሮው ሐዲድ ባቡር ይሂድበት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ዴንቨር ነው። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ቆሞ የሚታይ ቅርስ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ እንኳ ባቡር ይሂድበት፤ ሰው ይሳፈርበት፣ ፎቶም ያንሣው።

እዚህ በኮሎራዶና በኒው ሜክሲኮ ወሰን ላይ ከምብረስና ቶልቴክ የሚባል ባቡር አለ። የሐዲዱ ስፋት 91 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከእኛ ባለ 1 ሜትሩም ይጠባል። ባለቤቱ ኩባንያ መስመሩን ሲተወው ሁለቱ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ተባብረው 103 ኪሎ ሜትሩን ከነባቡሮቹ ገዙት። እ.ኤ.አ. በ1925 ፊላዴልፊያ የተሠሩ የእንፋሎት ባቡሮች ዛሬም 3,053 ሜትር ከፍታ ያለውን የከምብረስን በር እያለከለኩ ይወጣሉ።

ለፎቶ አንሺዎች ብቻ የሚነሣ ጉዞም አለ። ዳገቱ ላይ ያወርዱንና ባቡሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ ጭሱን እያትጎለጎለ በፊታችን ያልፋል። የሚመረጠው የብርድ ማለዳ ነው፤ እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ የሚታየው አየሩ ሲቀዘቅዝ ነውና። ቁልቁለት ላይ ካሜራ ማውጣት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ባቡሩ ስለማይለፋ ይህ ነው የሚባል ጭስ የለውም።

የእኛው ባቡር በ1886 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ፈቃድ አግኝቶ፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬን የቆረቆራት እሱ ነው። ናፍጣ እንፋሎትን የተካው በ1940ዎቹ ስለሆነ እንፋሎት አምጡ ብዬ አላስቸግርም፤ ሊቶሪና የምንላት ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር ብትንቀሳቀስ ይበቃኛል። ጭነቱን አዲሱ የባቡር መስመር ይውሰድ።

የጣቢያውን ሕንፃ በቅርስነት ስትመዘግቡ ፉርጎውን፣ የወርክሾፑን መሣሪያ፣ ሐዲዱንም አብራችሁ መዝግቡ። ከባቡሩ ባለቤት መሥሪያ ቤትና ከድሬዳዋ አስተዳደር ጋር ተነጋግራችሁ አንድ አጭር መንገድ ምረጡ። ይህ የድሮዎቹ ነጂዎችና መካኒኮች በሕይወት ሳሉ ይሁን፤ እጃቸው የሚያውቀውን ሁሉ ወረቀት አይዘውም።

የፎቶው ነገር ደግሞ አለ። ሐዲድ ዳር ካሜራ ሳወጣ «ክልክል ነው» መባል ለምጃለሁ፤ ክልከላውን በጽሑፍ ያሳየኝ ግን የለም። በክፍያ ይሁን ካላችሁ እከፍላለሁ። ብቻ ዋጋውንና ሰዓቱን ጣቢያው በር ላይ አስለጥፉልን።

ከአክብሮት ጋር