ፀሐይዋ ነፃ ናት፣ ባትሪው ግን ጠባቂ ይፈልጋል

ርዕሰ አንቀጽ



ባለፈው ሰሞን የማኅበራችን ኮሚቴ አባላት ቤት ለቤት እየዞርን "ሶላራችሁ እንዴት ነው?" ብለን ጠይቀን ነበር። በሩን ከፍቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ያለውን ችግር ሳይደብቅ ላሳየን ሁሉ በቅድሚያ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ያየነውን ደግሞ ሳንሸፋፍን መጻፍ ግዴታችን ነው። ጣሪያው ላይ ፓኔል አለ፤ እታች ግን የቤቱ እመቤት የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ወጥ ታማስላለች። በአንድ ቤት ፓኔሉ ከጣሪያ ወርዶ በርበሬ ሲሰጣበት አየን። በሌላ ቤት ባትሪው አብጦ አልጋ ሥር ተገፍቷል። አንዲት እናት "ሞቷል" ብለው የተዉት መብራት ደግሞ ለካ ምንም አልሆነም፤ የባትሪው ጫፍ ዝጎ ሽቦው ለቅቆ ኖሯል። ጫፉን ጠርገን ሽቦውን ስናጠብቀው ቦግ አለ። እሳቸው ግን ስንት ወር ሙሉ በጨለማ ነው ያመሹት።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም። ይህን የምንጽፈው ሰዎች የመጀመሪያውን ሶላራችንን ከገበያ የገዛነው ርካሽ ነው ብለን፣ ያለ ደረሰኝና ያለ ዋስትና ነበር። ሁለተኛውን ክረምት አልተሻገረም። የሸጠልንንም ሰው ፈልገን አላገኘነውም።

ታዲያ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? "ሶላር ነፃ ነው" ስለተባለ አንዴ ከተሰቀለ በኋላ ምንም የማይፈልግ መስሎን ነው። ፀሐይዋስ እውነትም ነፃ ናት። የሀገራችን ምድር በአማካይ በየካሬ ሜትሩ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያገኛል፤ ይህን ያህል የማያገኙ ብዙ የሠለጠኑ አገሮች እንኳ ጣሪያቸውን በፓኔል እየሸፈኑ ናቸው። ፓኔሉም በደንብ የተሠራ ከሆነ 20 እና 25 ዓመት ያገለግላል። ባትሪው ግን እንደ እርሻ በሬ ነው፤ ይደክማል፣ ያረጃል፣ ካለ ልኩ ከጫኑበት ደግሞ ያለ ዕድሜው ይወድቃል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ በደንብ ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢቆይ ነው። ሊቲየም የሚባለው ከዚያ ይበልጥ ይቆያል፣ ዋጋውም እንደዚያው ይወደዳል። ስለዚህ ሶላር የገዛ ሰው የሚቀጥለውን ባትሪ ዋጋ ከመጀመሪያዋ ወር ጀምሮ ማጠራቀም ነበረበት። ይህን ግን ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም።

ይህን ችግር ቀድመው ያሰቡበት ሰዎች አሉ። ሩቅ ሳንሄድ በክልላችን በሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል የገጠር መንደር አለች። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በሬማና በአካባቢዋ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ቤቶች አነስተኛ ሶላር አስገባ። እኛ ከሬማ ልንማር የሚገባን ግን የቤቱን ብዛት አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ለጥገናና ለመለዋወጫ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በየወሩ እንዲከፍል ተደረገ። እዚያው መንደር ውስጥም የሶላር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ቴክኒሻኖች ሠለጠኑ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መብራቱን ካስገቡት እኩል መብራቱን የሚጠብቀውም ሰውና ገንዘብ ታስቦበታል ማለት ነው። በእኛ መንደር ግን ፓኔሉ ብቻ መጣ፣ ጠባቂው ቀረ።

አንዳንድ ወገኖቻችን "ምን ያደክመናል፣ መስመሩ ይመጣ የለም?" ይሉናል። ይምጣ፤ እኛም እንፈልገዋለን። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎናል፣ አዋጥተንበታልና። ዳሩ ግን ግድቡ ከጓሮአችን ድረስ ሽቦ አይዘረጋልንም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የሀገር አቀፍ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ራሱ፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. መብራት ለሁሉም እንዲዳረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶው በመስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ በሶላርና በመሳሰለው እንዲሆን ነበር ያሰበው። ያ ዓመት ደርሶ አለፈ፤ ብዙ የገጠር ቤት ግን ገና ይጠብቃል። መስመር የገባለትም ቢሆን 2014 ዓ.ም.ን አይረሳም። ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በገባ ጊዜ መብራቱ ለሳምንታት ጠፍቶ፣ ስልክ ሞቶ፣ ወፍጮ ቆሞ፣ የዘመድ ደኅንነት እንኳ መጠየቅ አቅቶን እንደነበር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሶላር ለመስመሩ ምትክ ነው አንልም፤ መስመሩ ሲታመም ግን አስታማሚ ነው።

ሶላሩ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። 10 ዋት የሆነች ትንሽ ፓኔል ጥሩ ፀሐይ 5 ሰዓት ካገኘች በቀን 50 ዋት ሰዓት ገደማ ትሰበስባለች፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ከዚያ ያንሳል። ባለ 3 ዋት አምፖል 4 ሰዓት ቢበራ 12 ዋት ሰዓት ይበላል። እንግዲህ ሁለት አምፖልና አንድ ስልክ ከሆነ ያመሻሻል፤ በዚያ ላይ ቴሌቪዥን ሲጨመር ግን ባትሪው በባዶ ሆዱ ይሠራና ይሞታል። እንጀራማ ጨርሶ አይታሰብም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ የዚያች የትንሿ ፓኔል 350 እጥፍ ማለት ነው።

ስለዚህ ሳሎኑ ቢበራም ማዕድ ቤቱ እንዳለ ነው። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ዛሬም በጉልቻው ላይ ዓይናቸው እየነደደ ይጋግራሉ፤ ልጆቻቸውም በጀርባቸው ታዝለው ያንኑ ጭስ ይምጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላም መዘዝ አለው። እንጨቱ ከተራራው ሲመነጠር አፈሩ በጎርፍ ወደ አርዲቦ ይወርዳል። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። የአርዲቦ ውኃ በአንከርካ በኩል ወደ ታችኛው ሐይቅ እንደሚወርድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኛ ያበላሸነው ለጎረቤት ይተርፋል ማለት ነው።

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይባላል። ወጡን አያጣፍጥ ይሆናል፤ እንጨቱን ግን ይቆጥባል። በ1980ዎቹ ዓመታት በሀገራችን ባለሙያዎች የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ የሚወጣ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የእንጀራ መጋገሪያውን እንጨት ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከብት ላለው ቤት ደግሞ ባዮጋዝ አለ። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። አራት ያህል ከብት ያለውና ውኃ የማይቸግረው ቤት በየቀኑ 20 ኪሎ ያህል እበት ከእኩል ውኃ ጋር እየበጠበጠ ቢጨምርበት፣ ለወጥና ለቡና የሚሆን እሳት ያገኝበታል፤ የሚወጣው ዝቃጭም ለማሳው ፍግ ነው። ይህም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል። አንድ ሰሞን እበት ካልጨመሩበት እሳቱም ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ያለ ምንም ወጪ ልናደርገው የምንችለውን እንናገር። ፓኔሉን በየሳምንቱ ማለዳ ሳይግል በለስላሳ ጨርቅና በውኃ እንጥረገው፤ አቧራ የለበሰ ፓኔል ዓይኑን እንደጨፈነ ሰው ነው። ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ መሰቀሉን እንይ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ ከጣለበት እንቁረጠው፤ ትንሿ ጥላ እንኳ ብዙ ኃይል ትወስዳለች። መቆጣጠሪያው ቀይ ሲያበራ እናጥፋ እንጂ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አንቀጥል። ውኃ በሚጨመርበት ባትሪ ውስጥ የሐይቅ ወይም የቧንቧ ውኃ ሳይሆን የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ይግባ። የሞተ ባትሪ ደግሞ ከወንዝ ዳር አይጣል፤ አሲዱም አይደፋ። ውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነው፣ ከሁሉም ይልቅ ለሕፃናት አእምሮ። ከዚያው ውኃ ከብቶቻችን ይጠጣሉ፣ ዓሣውም ከዚያው ይወጣል።

የቀረው ግን ለብቻ የሚሆን አይደለም። ስለሆነም ኮሚቴው ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ያቀርባል።

አንደኛ፤ ሶላር ያለው ቤት ሁሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለባትሪና ለጥገና እንዲያስቀምጥ፤ መጠኑን ስብሰባው ይወስናል። ገንዘቡ ከማኅበሩ ሌላ ገንዘብ ሳይቀላቀል በራሱ መዝገብ ይያዛል፤ በሦስት ሰው ፊርማ ካልሆነ አይወጣም፤ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ሁለተኛ፤ ከመንደራችን ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ ሴት፣ ተመርጠው የሶላር ጥገና እንዲማሩና በየወሩ ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲያዩ፤ የድካማቸውም እንዲከፈላቸው።

ሦስተኛ፤ ባትሪና ፓኔል ከእንግዲህ በተናጠል ሳይሆን በአንድነት፣ ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ካለው ነጋዴ እንዲገዛ። የሞተውም ባትሪ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እርሳሱን መልሶ ለሚጠቀም ሰው እንዲሸጥና ገንዘቡ ወደዚያው መዝገብ እንዲገባ።

አራተኛ፤ የምርጥ ምድጃ ቅርጽ አንድ በጋራ ተገዝቶ ምድጃውን በደቦ እንድናወጣ። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ቀድመው ያግኙ።

"በቅሬው ላይ ደግሞ ሌላ መዋጮ?" የሚል እንደሚኖር እናውቃለን፤ ቅሬታውም እውነት አለው። ኑሮው ተወዷል። ነገር ግን አስቡት፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ የማይረባ ባትሪ እየገዙ መጣል ከየትኛውም መዋጮ ይበልጣል። ቅሬ የሞተውን በክብር ይሸኛል። ይኸኛው ደግሞ በሕይወት ያለው ልጃችን ማታ ደብተሩን እንዲያነብ ነው። መክፈል ላቃተው ቤትም በሩ አይዘጋም፤ በጉልበቱ ያግዛል፣ ይህንንም ስብሰባው ይመክርበታል።

አባቶቻችን "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ከጣሪያችን ሥር ቆመን አንድ ነገር እንመልከት፤ ሶላሩ የሞተ ነው ወይስ ሽቦው ብቻ ነው የለቀቀው? ያልገባው ሰው ለኮሚቴው ይንገር፤ መጥተን እናያለን። መብራታቸው በአንድ ሽቦ ምክንያት ወራት የጠፋባቸው እናት ጉዳይ ከእንግዲህ በማንም ቤት እንዳይደገም አደራ እንላለን።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት